የግድግዳው ወሬ

ይህ የያዝኩት ዘንግ የአባታችን ነበር፤
ቲሳ ወንዝ ዳር ቆሞ ዓሣ የሚያባብልበት።
ሲሞት እኔና እህቴ መንጠቆውን ቆረጥን፣
የስፖንጅ ኳስ አምጥተን ጫፉ ላይ አሰርንበት።
ዛሬ በሴጌድ ገንዳ፣ ከማዶው ግንብ ጥግ፣
ዓሣ ሳይሆን ቦሮካን እጠብቃለሁ፤
ግድግዳው ሲቀርባት አናቷን ነካ አድርጌ
ወሬውን አደርሳለሁ።
በአንደበቴ አይደለም፤ ሕጉ አፌን ለጉሞታል፤
ምላሴ ይህ ዘንግ ነው፣ አንድ ቃል ብቻ ያውቃል፣
«አሁን» ይላል።

ዳኛው በባትሪ መነጽሮቹን ያያል፣
ከጥቁሩ ቀለም ስር ጭላንጭል ይፈልጋል።
ቦሮካ ትስቃለች፦
«ሌላ ቦታ ብርሃኑን ሰው በስስት ያካፍላል፤
እዚህ ግን ጨለማው በቁና ይሰፈራል፣
ያውም ሳይጎድል!»
የዋና ቆቧን ጆሮዋ ድረስ እየሳበች
«ያቺን ፈሪ እጅሽን ዛሬ እንኳ ቤት ተዪያት» አለች።
ታውቃለች ማለት ነው።

ሁለት ዓመት አለፈው፤ የልምምድ ቀን ነበር፤
ዘንጉ በእጄ ነው፣ ዓይኔ ግን ስልኬ ላይ፤
አንድ ሰው «ይቅርብን» ብሎ ጽፎልኝ ነበር።
ደግሜ ሳነበው ግድግዳው ጮኸብኝ።
የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች።
ደሙ ውሃው ውስጥ እንደ ክር ሲተረተር
ብቅ አለችና «ዛሬ ግድግዳውን
ማነው ያስጠጋብኝ?» ብላ ነበር።
እኔም አልተናገርኩ፣ እሷም አልጠየቀች።
እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ
ከዚያ ወዲህ እጄ ግማሽ ትንፋሽ ይቀድማል፤
እሷ ተንሳፍፋ ግድግዳ ስትጠብቅ
ሰዓቱ ይሮጣል።

ፊሽካው ተነፋ።
ቢራቢሮ! ስሙን ሲሰሙት የአበባ ጎረቤት፣
ሥራው የእንጨት ፈላጭ፤
ሁለት ክንድ ባንድ ላይ ተነስቶ ይወድቃል፣
ትከሻዋ በመስመሩ ገመድ እየተላጠ
መንገዱን ያነባል።
መጣች፣ መጣች፣
ፈሪዋ እጄ መታች።
ቶሎ ነበር። ቦሮካ ባዶ ውሃ ዳበሰች፣
ፒሮሽካ፣ የደብሬትሰኗ፣ በአንድ ክንድ አለፈች።

በጀርባዋ ሄደች፤ ስትርቀኝም ፊቷ ወደ እኔ ነው፤
የጣሪያው መብራት ሁሉ መነጽሯ ላይ ይሰበራል፤
ማዶ ሽማግሌው ኤሌሜር በልኩ ይመታታል።
ማንንም ሰብሮ አያውቅ፣ እጁ ምን ይፈራል?

ደግሞ በደረቷ ተመለሰች፣
ቄጠማ ገልጣ የምታልፍ ትመስላለች።
አናቷ ብቅ ሲል እጄ «አሁን» ትለኛለች፤
ዝም በይ እላታለሁ።
አንድ ክንድ ጨምራ ትቀርባለች፤
ያ የጣት ድምፅ ጆሮዬን ይሞላዋል፤
ዝም በይ እላታለሁ።
ጠበቅኩ።
ከኋላዬ የአንዱ ልጅ ብስኩት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።
ጠበቅኩ።
አሁን!

ሁለቱም መዳፎቿ ግድግዳው ላይ አረፉ፣
እንደሚያንኳኳ እንግዳ ሳይሆን
ቁልፍ እንደያዘ ባለቤት።

የመጨረሻው ዋና «ነጻ» ነው የሚባለው።
ከኔም ነጻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ሥራ የለኝ፤
ዘንጉ ይንጠባጠባል፣ ጉልበቴ ከዳኝ።
ሃምሳ ሜትር ማዶ አረፋ ብቻ ነው፤
ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደዘገየ
ዓይን ያለኝ እኔ ምኑንም አላየሁ።
የውጤት ሰሌዳው ከራሴ በላይ ነው፣
ለማንበብ ጀርባዬን ለእሷ መስጠት አለብኝ፤
አልሰጠሁም፤ ገንዳውን ዞሬ ወደ እሷ መጣሁ።

ፕላስቲክ ወንበር ላይ ፎጣ ደርባ ተቀምጣለች፤
የነጠላ ጫማዬን ድምፅ ከሩቅ ለየች።
«ስንተኛ?» አላልኳትም።
«የመጀመሪያው ሳል ነበር» አለች፤
«ሁለተኛው ግን ቃል ነው።»
ከዚያ ዘንጉን ተቀበለችኝ፤
በተጣመሙት ሁለት ጣቶቿ ስፖንጁን ጨመቀችው፤
ውሃው እግሯም ላይ እግሬም ላይ ፈሰሰ።